የሦስተኛው እሑድ ጠላ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ለሥራ ከከተማ ወጥቼ ሳምንቱን ከሰነበትኩ በኋላ ወደ ቤት ስመለስ፣ በራችን ላይ የጌሾ ሽታ ተቀበለኝ። እግሬ ቆመ። መካኒሳ አቦ፣ እኔ ባደግኩበትና ልጆቼንም ባሳደግኩበት በዚህ ግቢ፣ ጠላ ከተጠመቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኔ አልጠጣም፤ በቤቴም እንዲጠጣ አልፈቅድም። ባለቤቴ ዓለሚቱ ጓዳው ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብላ የእንስራውን አፍ በጨርቅ ታስራለች።

«ይኼ ለማን ነው?» አልኳት።

«ለማን ይሆናል? ለሽማግሌዎቹ ነዋ! ነገ ሦስተኛቸው አይደል? በባዶ ቤት ልትቀበላቸው ነው?»

ልጄ ማርታ ከባሏ ተጣልታ ወደ እኛ ከመጣች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። ባሏ ብሩክ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል፤ ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ አቁሜ መልሻቸዋለሁ። ወጉ ነው። ተከፍታ የመጣች ልጅ በመጀመሪያው ልመና አትሰጥም፤ እንዳትረክስ ይባላል። አባት አንዴ እምቢ ይላል፣ ሁለቴ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ወንበር ያወጣና ይቀመጡ ይላል። ይህን የማያውቅ የለም ብለን ነው የምንኖረው። ለሥራ ከመውጣቴ በፊት በነበረው እሑድ ለሦስተኛው ይመጣሉ ብለን ለባብሰን ጠበቅን። አልመጡም። በእያንዳንዳችን ኪስ ስልክ አለ፤ አንዳችንም አልደወልንም።

ከጎረቤት ግቢ ለሠርግ ድንኳን ተክለው ድምፅ ማጉያ ይሞክራሉ። እኔ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ ያን ዘፈን ለቀቁት። ዘንድሮ አንድ ወጣት ድምፃዊ ምቱን አፍጥኖ እንደገና ስለሠራው ታክሲውም ጭፈራ ቤቱም የሚጫወተው እሱን ነው፤

ጠላውን ጠመቅሁት በእሑድ አስልቼ፣
ሆምጥጦ ደፋሁት በር በሩን አይቼ።

ማርታ ከውስጥ መስኮቷን ድርግም አድርጋ ዘጋች።

ስለዚህ ዘፈን ሰው የሚያወራውን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንዱ ባልየው ሀብታም ነጋዴ ነበር፣ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ነው ይላል። ሌላው ዘፈኑ የድሮ ነው፣ ከጎጃም የመጣ ነው ይላል። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት «ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው!» ብላ ስትምል አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ሁሉም ተሳስተዋል። በዘፈኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እናቴ ናት። ጠላው የተጠመቀው እዚሁ ግቢ፣ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ነው። እኔ የዚያን ዓመት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ጠላውም የሆመጠጠው በአብዛኛው በእኔ ምክንያት ነው።

ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅኩም። የኤሌክትሪክ ሥራውንም ጽሕፈቱንም የተማርኩት ከመጽሐፍና ከስህተት ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደሚመጣልኝ ነው፤ ግን አልዋሽም።

አባቴ ወርቁ አናጢ ነበር። ያደገው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። አባቱን አያውቅም፣ እናቱን አያውቅም፣ አጎት የሚለው ሰው የለውም። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን እንደ ጉድለት አላየሁትም ነበር። እንዲያውም ሌላው ሰው አባት የሚኖረው አናጢነት ስለማይችል ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ አልጋውንም ቁምሳጥኑንም ራሱ ሲሠራ እያየሁ፣ አባት ቢያስፈልገው ኖሮ ይሠራው ነበር እል ነበር። የምንኖረው ወደ መካኒሳ ታች፣ ከሚሠራበት የእንጨት ቤት ጀርባ፣ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው። ሲመጣ ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። ሲያቅፈኝ ኮላ ኮላ ይሸታል።

የእናቴ አባት፣ አባባ ገብሬ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረተኛ ነበር። በዚያ ጥቅምት የአቦ ዕለት ዝክር አውጥቶ ሰው ጠርቶ ነበር። አንድ እንግዳ አባቴን በአገጩ እያመለከተ «ይኼ ጎልማሳ ማን ነው?» አለ።

«የአስካለ ባል ነው» አለ አባባ።

«የማን ልጅ?»

«እሱንማ እሱም አያውቀው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ለምን እንደሚሳቅ ግን አላወቅኩም። አባቴ በእጁ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። እጁን ታጠበ። ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ቤት ከገባን በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁ። እናቴ «ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልደው ነው፤ እንግዳ ፊት ጥለኸኝ ስትወጣ እኔን ምን አደረግከኝ?» ትላለች። አባቴ ይላጋል። በሦስተኛው ቀን መላጊያውን አስቀመጠና «አንቺ አባት አለሽ። ይኸው፣ ሂጂና አብረሽው ሳቂ» አላት።

እናቴ ነጠላዋን አንስታ እጄን ያዘች። አባቴ እጁን አላነሳባትም፣ አልሰደባትምም። ያቺ ቃል ብቻ ናት። እኔ ወደ አባባ ቤት የምንሄደው የተረፈ የዝክር ዳቦ ልናመጣ መስሎኝ መንገዱን እየዘለልኩ ሄድኩ። ደብተሬን እንኳ አልያዝኩም ነበር።

አባባ ቀጥ ያለ ሰው ነበር። ዛሬ እኔ የምናገርበት ድምፅ፣ ልጆቼ የሚፈሩት ድምፅ፣ የእሱ ነው። በገባን ማግስት መደቡ ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ታዲዮስ፣ እዚህ ቤት የተነገረ እዚህ ይቀራል። አባትህ ዘንድ የተነገረ እዚያ ይቀራል። እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው መዝገብ ሳገላብጥ አንድ ቃል ከበር አላወጣሁም። ወሬ የሚያመላልስ ልጅ እኔ ቤት እህል አይቀምስም። ገባህ?»

«ገባኝ አባባ።»

በዚያ ሳምንት ጎረቤቷ ጠርታ «እናትህ ለምን መጣች?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልኩ። ሴትዮዋ ለአባባ ነገረችው፤ እሱም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ይኼ ሰው ይሆናል» አለ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ቀን ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ «አላውቅም» ማለትን እንደ ሙያ ያዝኩት።

ግቢው ውስጥ ሰርቪሱን የተከራየ ጋሻው የሚባል መሰንቆ መቺ ነበር። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ የሚጫወት፣ ሌላውን ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የመሰንቆውን ጭራ የሚያጠብቅ። «ታዴ፣ ና እስኪ ያዝልኝ፤ ይቺ ፈረስ ዛሬም አልሞት ብላለች» ይለኛል። ጭራው ከሞተ ፈረስ የተወሰደ መሆኑን ስለማላውቅ በሕይወት ያለችው ፈረስ የት እንዳለች ስፈልግ ከርሜአለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች የመጡት በታኅሣሥ ወር፣ በአንዱ እሑድ ነው። ሦስት ናቸው። ሁለቱ የእንጨት ቤቱ ሰዎች፣ ሦስተኛው ደግሞ ሚስማርና ላምባ የሚሸጠው ጋሽ ሸምሱ። ጋሽ ሸምሱ ጉልበቱን ያመዋል፤ ቆቡን አስተካክሎ፣ በዱላው ተደግፎ፣ ቆርቆሮ በሩን አንኳኳ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ! ልጅ አጥፍቶ አባቶች ይዞ መጥቷል።»

አባባ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ። «ልጅ ስትሉ የማንን ልጅ? አባቱ ከመሃላችሁ አለ?»

ሁለቱ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ሸምሱ ግን «ለዛሬ እኔ ነኝ አባቱ» አለ።

«ለዛሬ!» አባባ ሳቀ። «ለሚመጣውስ እሑድ ማንን ሊያመጣ ነው?»

«እሱንም እኔው እሆንለታለሁ፤ አላህ ዕድሜ ከሰጠኝ።»

«እንግዲያው በደህና ግቡ» ብሎ ዘጋው።

እናቴ ጓዳ በር ጀርባ ወንፊት ይዛ ቆማ ትሰማ ነበር። ወንፊቱ ባዶ ነው፤ ግን ትነፋለች። አባባ ሲገባ ቀና ብላ አየችው። «ምን ታይኛለሽ? ወጉ ነው። በሦስተኛው እንሰጣቸዋለን። ጌሾ ውቀጪ» አላት። እሷም ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት።

የጠላው ዝግጅት የተጀመረው በማግስቱ ነው። ጌሾውን ስትወቅጥ አረንጓዴ አቧራው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ያስነጥሳል፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ይቀራል። አሻሮውን ስትቆላ ግቢው እንደተቃጠለ ዳቦ ይሸታል። እንስራውን በወይራ ስታጥን እኔ ጭሱ እንዳይወጣ አፉን በሰሌን እይዛለሁ። «ታዴዬ፣ አጥብቀህ ያዝ፣ አባትህ ጭስ የሌለው ጠላ አይወድም» ትለኛለች። ስሙን አትጠራም፤ አባትህ ነው የምትለው።

ሁለተኛው ጉዞ ከገና በኋላ ባለው እሑድ ነበር። አባባ ምሳ ላይ ስለነበር እስኪጨርስ ውጭ አቆማቸው። በጋ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋሱ አቧራ ያነሳል። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ጋሽ ሸምሱ አንዴ በአንድ እግሩ አንዴ በሌላው ይቆማል። ውሃ ልውሰድለት ብዬ ብርጭቆ አንስቼ ነበር፤ አባባ በዓይኑ መለሰኝ። በልቶ፣ ታጥቦ፣ አፉን ጠርጎ ወጣ። አሁንም እምቢ አለ። የዚያን ቀን ጋሽ ሸምሱ አልቀለደም። ሲሄዱ ሌሎቹ ሁለቱ በብብቱ ገብተው ደገፉት።

አባቴ በሳምንት አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ይመጣ ነበር። የሽቦ አጥር ነው፤ እሱ ከውጭ እኔ ከውስጥ እንቆማለን። የዋንዛ የእርሳስ ሳጥን ሠርቶ አምጥቶልኛል። «ክዳኑን በሚመጣው ሳምንት፤ ማንሸራተቻው ልክ አልሆነልኝም» አለ። ከሁለተኛው ሽማግሌ በኋላ ባለው ማክሰኞ ሲመጣ ክዳኑን አልያዘም። ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሽ ሸምሱን ፀሐይ ላይ አቆሙት፣ አይደል?»

በጫማዬ ጫፍ አፈሩን ጫርኩ።

«ያ ሰውዬ ምኔም አይደለም። ሚስማር ስገዛ የተዋወቅን ሰው ነው። እኔ አባት የለኝም ታዴ፤ የሰው አባት ተውሼ ነው የላክሁት። የተዋስኩትን ሰው ስንት ጊዜ አስቁሜ አሰድባለሁ?» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እስኪ ንገረኝ፣ አያትህ ጨርሶ ቆርጧል? እናትህስ ምን ትላለች? አንዲት ቃል ካለች፣ ይምጣ ብቻ ካለች፣ እኔ ራሴ በጉልበቴ እሄዳለሁ።»

የማውቀውን ሁሉ አስታውሳለሁ። በሦስተኛው እንሰጣቸዋለን መባሉን አውቅ ነበር። እንስራው ውስጥ ጠላው ሲፈላ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቼዋለሁ። የወይራው ጭስ ለማን እንደሆነ አውቅ ነበር። አባቴ ፊት ላይ ያለውንም አይቻለሁ።

«አላውቅም» አልኩት።

አንደኛ፣ አባባ ሰው ይሆናል ያለኝ ልጅ ነኛ! ሁለተኛውን ደግሞ ለማመን ይቸግራል። ሦስተኛው እሑድ እንደ በዓል በራሱ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ከገና በኋላ ጥምቀት እንደሚመጣ ሁሉ፣ ከሁለተኛው ሽማግሌ በኋላ ሦስተኛው ይመጣል፤ ማንም አይጠራውም፣ ማንም አያስቀረውም። አባቴን የሚያስጨንቀው ነገር ምን እንደሆነ አልገባኝም። እንደ ትልቅ ሰው «ግድ የለም፣ ይመጣል» ልለው ፈልጌ ነበር፤ እሱም ወሬ ይሆናል ብዬ ዋጥኩት።

በዚያው ሳምንት አባባ ላምባ ልኮኝ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ላምባውን እየቀዳ «አባትህ ምነው ጠፋ?» አለኝ። «እኛኮ ጫማችንን ጠርገን ተቀምጠናል። ሦስተኛዋ ቀላሏ ናት፤ የእሷን ድግስ ሳንበላ? ሳይልከኝ ደግሞ እኔ በምን አፌ እሄዳለሁ! ስታገኘው ሸምሱ ጉልበቱ ድኗል በለው።»

«እሺ» አልኩ። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም። ያም ወሬ ነው።

ዛሬ ሳስበው ሁሉም ሰው ሥርዓቱን ጠብቋል። አባባ ሽማግሌ ሳይመጣ ልጅ አይሰጥም። ጋሽ ሸምሱ ሳይላክ አይሄድም። አባቴ የሰው አባት ደግሞ ለማዋረድ አፈረ። እናቴ ሴት ናትና አትጠራም፤ ትጠምቃለች። ከሁሉም ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነበር።

ሦስተኛው እሑድ የጥምቀት ሰሞን ነው የዋለው። እናቴ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ግቢውን ጠርጋ፣ ውሃ ረጭታ፣ ሦስት ወንበር ከቤት አውጥታ ጥላ ሥር ደረደረች። አባባ ካፖርቱን ለብሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እኔን መንገዱ ጫፍ ላይ አቆመችኝ፤ «ዱላውን እንዳየህ ሮጠህ ና» አለችኝ። ከቅዳሴ የወጡ ሰዎች አለፉ። ከብስራተ ገብርኤል በኩል የመጡ ጃኖ የለበሱ ሰዎች አለፉ። ዱላ የያዘ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ልሮጥ እላለሁ፤ ሲቀርብ ሌላ ሰው ነው። ፀሐይዋ ዞራ ወንበሮቹ ላይ ስትወጣ እናቴ ወደ ጥላው ሳበቻቸው። እንደገና ዞረች፤ እንደገና ሳበቻቸው። ወደ ማታ አንድ በአንድ ወደ ቤት አስገባቻቸው።

«አላወቁ ይሆናል» አለች ለአባባ። «ሰው ቢላክባቸውስ?»

«እኔ? ልጄን ውሰዱልኝ ብዬ ልላክ?» አለ አባባ። አንድ ነገር ግን ልመስክርለት፤ የሚመጣውንም እሑድ፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም፣ ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጧል።

ጠላ አይጠብቅም። መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ሽታው ተለወጠ፣ በመጨረሻ ጓዳው በሙሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ አለ። አንድ ጠዋት እናቴ እንስራውን እየጎተተች አወጣችና ቦዩ ጋ ደፋችው። ስትደፋ በለሆሳስ ታዜም ነበር። ለማንም አልነበረም። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ስታዜም ታንጎራጉር እንጂ አፏን አትከፍትም። ጠላውን ጠመቅሁት ያለችው ያኔ ነው። ቀጥላም፤

አንዴ ሰው ሲመጣ አባቴ እምቢ አለ፣
ሁለቴ ሲመጣ አባቴ እምቢ አለ፣
እኔን ማን ጠየቀኝ ልቤ የት እንዳለ።

ጋሻው ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ጭራ እያጠበቀ ነበር። እጁ ቆመ። «እትዬ አስኩ፣ እስኪ ድገሚያት።»

«ሂድ ወዲያ! የሚደገም ነገር መሰለህ?» አለችው። አልደገመችም፤ እሱ ግን አንዴ የሰማውን አይረሳም። ያን ቀን እስከ ምሳ መሰንቆው ያችን ዜማ ሲፈልግ፣ ሲስት፣ ሲያገኝ ሰማሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲጀምር ዘፈኑ ወጣ። ጋሻው ለጭፈራ እንዲሆን አጣደፈው፤ መቼም ሙሽራ ፊት አይለቀስም። ዘፈን ደግሞ በዳይ ያስፈልገዋልና ከራሱ ጨመረበት፤

የሌላ ደጅ ለምዶ የእኔን ደጅ ረሳ፣
ጠጅ አግኝቶ ጠላ መች እጁ ሊያነሳ።

ሰው የወደደው ይህንን ነው። በካሴት ቀድተውት ልብስ ሰፊው ቤት፣ ፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ ታክሲው ውስጥ ገባ። በሁለት ወር ውስጥ መካኒሳ ላይ የማያውቀው አልነበረም። የማን እንደሆነም ያውቃሉ። እናቴ ስለዚህ ዘፈን በሕይወቷ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሻውን በር ላይ አስቁማ «የእኔን ጠላ ምን ብለህ ነው ከጠጅ አሳንሰህ የምትዘፍነው?» አለችው። ጋሻው ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው። በዚያው ወር ቤቱን ለቀቀ።

አባቴ አጥሩ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ፈተና ሳምንት ነው። ከስቷል። ቅንድቡ ላይ ብናኝ የለም፤ ሥራ አቁሟል ማለት ነው።

«እናትህ ሌላ ደጅ ለመደ አለች?» አለኝ።

«እሱን እሷ አላለችም! ጋሻው ነው የጨመረው» አልኩ። ያኔ ወሬ ይሁን አይሁን አላሰብኩም፤ ውሸት ስለሆነ ብቻ አፌ ተከፈተ።

«ሌላውንስ?»

«ሌላውን እሷ ናት።»

«ጠላውን... የእውነት ጠምቃ ነበር?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ለሦስተኛው እሑድ። አባባ በሦስተኛው እንሰጣቸዋለን ብሎ ነበር። ወንበርም አውጥታ ነበር። ጋሽ ሸምሱም ጉልበቱ ድኖ ነበር፣ ይላከኝ ብሎ ነበር።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አልኩት።

አባቴ ሽቦውን ይዞ ቀረ። የጣቶቹ አንጓ ነጣ። «አንተ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?»

«አባባ ወሬ አታመላልስ ብሎኛል።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ በሽቦው በኩል እንደማይችል እያወቅኩ ግንባሬን ሸፈንኩ። እሱ ግን በሽቦው ቀዳዳ ሁለት ጣቱን አስገብቶ ጉንጬን ነካኝ።

«ጎበዝ ልጅ ነህ» አለኝ።

እያሾፈ አልነበረም። ከልቡ ነው። ያሳደገው ሰው ስላልነበረው፣ ትልቅ ሰው ያለውን የሚሰማ ልጅ እሱን ያስደንቀው ነበር። ዓመታት ሙሉ ያችን ቃል እንደ ምርቃት ይዣት ኖሬ፣ ራሴ አባት ከሆንኩ በኋላ ነው ምን ያህል ከባድ እንደነበረች የገባኝ።

«አሁን ና» አልኩት። «ዛሬ ና።»

«አሁንማ በየት በር ልግባ ታዴ? በየሠርጉ እየጨፈሩብኝ? ጠጅ ያገኘው መጣ ሊሉኝ?» ራሱን ነቀነቀ። ከአንድ ሕንፃ ሥራ ጋር ወደ ደቡብ ሊሄድ ተመዝግቦ ነበር፤ በማግስቱ ሄደ። ክዳኑን አላመጣም። ሳጥኑ አሁንም አለ፤ ዊንጮቼን አደርግበታለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ያ በጋ በቂ ነው።

ልጆቼን ሳሳድግ «ወሬ አታመላልሱ» ያልኩትን ያህል የተናገርኩት ነገር የለም። ትክክል መሆኔን ዛሬም አልክድም፤ ሰው ቤት ውስጥ የሰማውን ደጅ የሚዘራ ልጅ አልወድም። ነገር ግን በወሬና በመልእክት መካከል ያለውን ልዩነት አላስተማርኳቸውም። እኔም አላውቀውም ነበር። ብሩክን በሁለተኛው ጊዜ ስመልስ ደስ ብሎኝ እንደነበርም እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ። በሩን ስዘጋ የአባባ ድምፅ ከጉሮሮዬ ሲወጣ ሰምቼ ወድጄው ነበር።

እሑድ ጠዋት ማርታ ልብስ ስታሰጣ ደረስኩባት።

«ማርታ።»

«አቤት አባዬ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለሽ አትመልሺ። እንዲመጣ ትፈልጊያለሽ?»

መቆንጠጫውን ይዛ ቀረች። ከጎረቤት የሠርጉ ማጉያ ገና አልተከፈተም ነበር። «ሁለት ወር ሙሉ እኮ...» አለች። «አባዬ፣ ማን ጠየቀኝ?»

የእናቴን ግጥም ከአፏ ልትጨርስ የመጣች መሰለኝ። እሷ ግን የማን እንደሆነ አታውቅም፤ ለልጆቼ ነግሬአቸው አላውቅም። ይህም ወሬ ነበር።

«አሁን ጠየቅኩሽ።»

«ይምጣ» አለች።

ካፖርቴን ለበስኩ። ዓለሚቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ወዴት ነው? ሽማግሌዎቹ ቢመጡስ? የሴት ልጅ አባት እኮ ነህ!» አለች።

«ነኝ» ብዬ ወጣሁ።

ብሩክ የሚኖረው ብስራተ ገብርኤል ነው። ታክሲ አልያዝኩም፤ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ልመለስ እያልኩ ነው የሄድኩት። አንድ የሴት ልጅ አባት ወደ አማቹ ቤት እንዲህ ብቻውን፣ ሳይጠራ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፤ ያየኝ ሁሉ የሚያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ስደርስ በሩን አንኳኳሁ። ከፈተልኝ። ፂሙን አልተላጨም። እኔን ሲያይ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ልሰድበው የመጣሁ መስሎታል።

«አባባ... ደህና ነች?»

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ቃል ይዤ መጥቼ ነበር። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ለሌላ ሰው ነበር የሚገባው፣ በሽቦ አጥር በኩል።

«ጠላው ተጠምቋል» አልኩት። «ዛሬ ካልመጣህ ይሆመጥጣል።»